ብልሽቱ የት ነው?

ማታ ዋይፋዩ ይሠራ የነበረ ላፕቶፕ የሥርዓተ ክወናው እምብርት የሆነው ከርነሉ ታድሶ ጠዋት ሲከፈት አንድም ኔትወርክ አያሳይም። ሊኑክስ የሚጠቀም፣ በተለይም የብሮድኮም ካርድ ያለው አሮጌ ላፕቶፕ የያዘ ሰው ይህን ጉድ ያውቀዋል። ከባለቤቱ አፍ የሚወጣው ፍርድ ከሁለት አንዱ ነው፤ «ካርዱ ተቃጠለ» ወይም «አፕዴቱ ጉድ ሠራኝ»። ፍርዶቹ ይለያዩ እንጂ አንድ እምነት ይጋራሉ፤ ብልሽት አንድ ዕቃ ውስጥ የሚቀመጥ ነገር ነው የሚል። እኔ የምጠራጠረው ይህንን እምነት ነው።

ከአፕዴቱ እንጀምር። ፈላስፋው ዴቪድ ሂዩም በ18ኛው ክፍለ ዘመን እንዳሳሰበው፣ ዓይናችን ነገሮች ሲከታተሉ ያያል እንጂ አንዱ ሌላውን ሲያስከትል አያይም። በዚያች ሌሊት የዋይፋይ ማጥፊያ ቁልፍ በጣት ተነክቶ፣ ወይም ራውተሩ ጠፍቶ ሊሆን ይችላል። ጥርጣሬ ግን ወደ ፈተና ካልወሰደን ስንፍና ነው። ደግነቱ አብዛኞቹ የሊኑክስ ዓይነቶች አዲሱን ከርነል ሲጭኑ የቀድሞውን ወዲያው አይጥሉትም፤ ኮምፒውተሩ ሲነሣ ግራብ ከሚባለው የማስነሻ ዝርዝር መርጦ ወደ አሮጌው መግባት ይቻላል። ካርዱ ያው፣ ራውተሩ ያው፣ ክፍሉም ያው፤ የተለየው ከርነሉ ብቻ። ሌላው ፈላስፋ ጆን ስቱዋርት ሚል በ1843 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው የሎጂክ መጽሐፍ የልዩነት ዘዴ ያለው ይህንኑ ነው። በአሮጌው ከርነል ዋይፋዩ ከተመለሰ «ካርዱ ተቃጠለ» የሚለው ክስ እዚያው ወደቀ።

ታዲያ ጥፋቱ የአዲሱ ከርነል ነው? ይህን ለማለት መቸኮል አይገባም። በዚያው ከርነል ላይ ሌላ ካርድ ያለው ላፕቶፕ በሰላም ይሠራል። ካርዱን የሚያንቀሳቅሰው የብሮድኮም ድራይቨርም ቢሆን አንዲት ፊደል አልተለወጠችበትም። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ይህ ድራይቨር የምንጭ ኮዱ የተደበቀ አንድ ክፍል፣ ያንን ከከርነሉ ጋር የሚያያይዝ ሌላ ግልጽ ክፍልም አለው። ማያያዣው ለእያንዳንዱ አዲስ ከርነል እንደገና ኮምፓይል መደረግ አለበት። ሥራውን በራሱ የሚከውነው ዲኬኤምኤስ የሚባል መሣሪያ ሲሆን፣ የዴል መሐንዲሶች በ2003 (እ.ኤ.አ.) የሠሩት ነው። ለኮምፓይሉ የሚያስፈልጉት የአዲሱ ከርነል ሄደር ፋይሎች ካልተጫኑ፣ ወይም ከርነሉ ውስጥ አንድ ፈንክሽን ጠባዩን ከቀየረ፣ ኮምፓይሉ ይከሽፋል፤ ስሕተቱም ማንም የማያነበው ሎግ ውስጥ ይጻፋል። ቁልፍ ጓጉንቸሩን አልከፍት ሲል ሁለቱም ጤነኛ ሊሆኑ እንደሚችሉ ሁሉ፣ እዚህም የታመመ ዕቃ የለም። የፈረሰው መግባባታቸው ነው።

አንድ ብርቱ ተከራካሪ ግን እንዲህ ሊል ይችላል፦ «መግባባት የሚጠገን ነገር አይደለም። ቴክኒሻኑ የሚነካው አንድ ዕቃ ነው፤ ብልሽቱም የነካው ቦታ ላይ ነበር ማለት ነው።» ክርክሩ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን የጥገናውን ቦታ ከብልሽቱ ቦታ ጋር ያደባልቃል። ባለቤቱ ሄደሮቹን ሊጭን ይችላል። ኡቡንቱ የተባለውን የሊኑክስ ዓይነት የሚያዘጋጁ ሰዎች ማያያዣውን ሊያርሙት ይችላሉ። የከርነሉ ጸሐፊ የድሮውን ፈንክሽን ሊመልስ ይችላል። ኩባንያው ብሮድኮምም ኮዱን ሊገልጥ ይችል ነበር፤ ኮዱ ከርነሉ ውስጥ ቢገባ ኖሮ ፈንክሽኑን የቀየረው ሰው ድራይቨሩንም አብሮ የማስተካከል ግዴታ ነበረበት። አንድ ብልሽት ይህን ያህል የመጠገኛ በር ካለው፣ ብልሽቱ ከእነዚህ በአንዱ ውስጥ ነበር ማለት እንዴት ይቻላል? የምንጠግነው እጃችን የደረሰበትን ነው።

መጠገኛ መምረጥ እንግዲህ ሸክሙን ማን ይሸከም ብሎ መምረጥም ነው። የከርነሉ ሰዎች አቋማቸውን አልደበቁም። የሊኑክስ ፈጣሪ ሊነስ ቶርቫልድስ ፕሮግራሞች ከከርነሉ ጋር ያላቸው ውል እንዳይፈርስ ጥብቅ ነው፤ ስለ ከርነሉ ውስጣዊ አሠራር ግን ከከርነሉ ዋና ተንከባካቢዎች አንዱ የሆነው ግሬግ ክሮ-ሃርትማን ምንም ዓይነት የመጽናት ቃል እንደማይገቡ ገልጾ ጽፏል። ያልተገባ ቃል አይፈርስም። ኩባንያው በበኩሉ ኮዱን ደብቆ አቆየ፤ ይህን ድራይቨር ማደሱንም ከ2015 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ተወው። ወቀሳዬ ወደ ኩባንያው ያደላል፤ ኮዱን ለብቻው ይዞ ኃላፊነቱን መተው አይጣጣምምና። ሸክሙ ግን የወደቀው ከየትኛውም ወገን ጋር ባልተዋዋለው ሰው ላይ ነው፤ ኢንተርኔቱን ለመጠገን ኢንተርኔት ያስፈልገዋልና ስልኩን በዩኤስቢ ገመድ ሰክቶ፣ ከራሱ የዳታ ፓኬጅ ሄደሮቹን ያወርዳል።

ሐሳቤን የሚፈትን አንድ ጉዳይ ግን አለ። አንዳንዴ ኮምፓይሉ ተሳክቶ እንኳ ካርዱ አይነሣም፤ ሴኪዩር ቡት የሚባለው የማስነሻ ጥበቃ በርቶ ስለሆነ ከርነሉ ያልተፈረመበትን ሞጁል፣ ማለትም ድራይቨሩን፣ አልቀበልም ይላል። እዚህ መግባባት ፈረሰ አይባልም፤ ማሽኑ የታዘዘውን በታማኝነት እየፈጸመ ነው። መጠገኛውም ብዙ በር የለውም። ባለቤቱ የራሱን የፊርማ ቁልፍ አስመዝግቦ ኮምፒውተሩ እንደገና ሲነሣ በይለፍ ቃል ማጽደቅ አለበት፤ ወይም ጥበቃውን ማጥፋት። ሁለቱም የእሱ ፈቃድ ናቸው። ይህን ብልሽት ብዬ ለመጥራት እቸገራለሁ፤ ፈቃድ እየጠበቀ ያለ እምቢታ ነው፤ ምንም እንኳ ከወንበሩ ላይ ሆኖ ባዶውን ዝርዝር ለሚያይ ሰው ከመጀመሪያው ብልሽት ጋር ምንም ልዩነት ባይኖረው።