የመንገደኛ ዓይንና ግዴታው

ሰው ወደማያውቀው ከተማ በእንግድነት ሄዶ የሌላውን ኑሮና መከራ ሲመለከት ማየቱ ብቻ በጎ ሥራ ይሆናልን? ወይስ ያየ ሰው ባየው ነገር ይጠየቅበታል? ጥያቄው ለፈላስፎች ብቻ የተተወ አይደለም። ለሥራ፣ ለትምህርት ወይም ለዕረፍት ከቀዬው የሚወጣ ሁሉ በመንገዱ ላይ ያገኘዋል።

ይህ ጥያቄ ይበልጥ የሚበረታው በወደብ ከተማ በእግር ስንዘዋወር ነው። በመኪና የሚያልፍ ሰው የሚያየውንና የማያየውን ራሱ ይመርጣል፤ መስታወቱን ዘግቶ ማለፍም ይችላል። እግረኛ ግን እያየ ይታያል፤ ሰላምታ መስጠት፣ መንገድ መጠየቅ፣ ጥላና ውኃ መፈለግ ግድ ይሆንበታል። የወደብ ከተማ ደግሞ ነዋሪውና አላፊው በአንድ መንገድ የሚገናኙበት ስፍራ ስለሆነ፣ በዚያ የሚራመድ ሰው ከሌሎች መንገደኞች ጋር ፊት ለፊት መተያየቱ አይቀርም።

ለአብነት ያህል በጅቡቲ ሰሜናዊ ጠረፍ የምትገኘውን ኦቦክን እንውሰድ። ፈረንሳይ ይህን ስፍራ ከአፋር ባላባቶች በ10,000 ጠገራ ብር የገዛችው እ.ኤ.አ. በ1862 ነበር። በ1884 ሌዮንስ ላጋርድ በአስተዳዳሪነት ተቀመጠባት፤ ይሁን እንጂ የተሻለ ወደብ ያላት የጅቡቲ ከተማ ስትቆረቆር አስተዳደሩ ወደዚያ ተዛወረ፣ ኦቦክም ትንሽ የዓሣ አጥማጆች ከተማ ሆና ቀረች። እርሷን በእግር ለመዞር ረጅም ሰዓት አያስፈልግም። እኛ በዞርንባት ጊዜ ከጀልባዎቿና ከቀድሞ ቤቶቿ ይልቅ ልባችንን የያዘው በመንገዷ ላይ የሰማነው አማርኛና ኦሮምኛ ነበር።

እነዚያ ወጣቶች እንደ እኛ ጎብኚዎች አልነበሩም። ከወሎ፣ ከጅማ፣ ከሐረርጌ፣ ከትግራይ ተነሥተው ወደዚህ ጠረፍ የሚመጡት ብዙዎቹ ከባሕር ወለል 155 ሜትር ዝቅ ብሎ በሚገኘው በአሳል ሐይቅ አካባቢ ያለውን በረሃ በእግራቸው ያቋርጣሉ። አሳባቸው በጀልባ ወደ የመን ተሻግረው ሳዑዲ ዓረቢያ መግባት ነው። የሚሻገሩት ባሕር በጠባቡ ቦታ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ይሰፋል፤ ዐረቦች ግን ባብ ኤል መንደብ፣ የልቅሶ በር ብለው ሰይመውታል። እንግዲህ በአንዲት ጎዳና ላይ ሁለት ዓይነት እግረኞች ይገናኛሉ፤ አንዱ ሊያይ የሚሄድ፣ ሌላው ሊኖር የሚሄድ።

በኦቦክ የባሕር ዳር መቃብር የሚባል ስፍራ አለ። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ፣ በኢንዶቺና የመርከብ ጉዞ ላይ ሳሉ በንዳድ የሞቱ የፈረንሳይ ወታደሮች ያረፉበት ነው። ከዚያ ወደ ሰሜን በሚዘልቀው ጠረፍ ደግሞ ስም ያልተጻፈባቸው መቃብሮች ይገኛሉ። እ.ኤ.አ. በጃንዩዋሪ 2019 በጎዶሪያ አጠገብ ሁለት ጀልባዎች ተገልብጠው ከ50 በላይ ሰዎች ሞቱ። በአፕሪል 2024 በዚያው አካባቢ በሁለት ሳምንት ልዩነት ሌሎች ሁለት ጀልባዎች ሰጠሙ፤ ከ50 በላይ የሚሆኑት ሟቾች ከየመን በመመለስ ላይ የነበሩ ስደተኞች ናቸው። አሸዋው ስማቸውን ባይዝም፣ እያንዳንዳቸው በስም የሚጠራቸው እናትና አባት ነበሯቸው።

ይህን ሁሉ ዞሮ ማየት ምን ይባላል? ቅዱስ ቶማስ አኲናስ የማወቅ ፍላጎት በራሱ መልካም እንደ ሆነ ያስተምራል፤ ሆኖም በሥርዓት የሚመራውን የዕውቀት ትጋት መረን ከለቀቀው ጉጉት ይለያል። እንደምናስተውለው ጉጉት ዓይንን ካጠገበ በኋላ በዚያው ይቆማል፤ የሌላው መከራ ለጨዋታ የሚሆን ወሬ ይሆንለታል። ትጋት ግን ያየውን ይጠይቃል፤ ይህ ሰው ከየት መጣ? ምን አስነሣው? ከእኔስ ምን ይፈልጋል? ይላል።

«ምንም ማድረግ ለማልችለው ነገር ባላየው ይሻላል» የሚል ይኖራል። ይህ አነጋገር ትሕትና ይመስላል፤ ነገር ግን መከራን ሁሉ ለማስወገድ አለመቻል አንዱን ሰው ላለማየት ምክንያት ሊሆን አይችልም። ባሕሩን ማጥበብ ባንችል ሰላምታ መስጠት፣ ውኃ ማቅረብ፣ ሊመለስ የሚፈልገውን ረዳት ወዳለበት ማመልከት እንችላለን።

ከዚህም የሚበልጠው ሥራ የሚጠብቀን በየቁምስናችን ነው። በትምህርተ ክርስቶስ ክፍል ከምናስተምራቸው ወጣቶች መካከል ስለዚህ መንገድ በልቡ የሚያስብ አይታጣም። የመንገዱን እውነት ከደላላ አፍ ብቻ እንዳይሰማ፣ ያወቅነውን ሳንጨምርና ሳንቀንስ ልንነግረው ይገባል። ነገር ግን ሥራና ተስፋ ያጣውን ልጅ «አትሂድ» ብሎ መገሠጽ ብቻ ርካሽ ምክር ነው። እየከለከልነው በምን እንደሚኖር አብረን ካልመከርን፣ ካልተጨነቅንለት፣ አቅማችን በፈቀደ መጠንም ካልረዳነው ቃላችን ሸክም ይሆንበታል። ሄዶ የተመለሰውንም እንደ ሞኝ ወይም እንደ በደለኛ ቆጥረን ልናሳፍረው አይገባም፤ ለሌላው ሊያስረዳ የሚችል እርሱ ነውና። የሄደው ልጅ ድምፁ ከጠፋባት እናት ጋር መቀመጥም የዚሁ ግዴታ ክፍል ነው።

ስለዚህ መጓዝንና መመልከትን አንነቅፍም። የምንለው ያየ ሰው ባለ ዕዳ ነው፤ ዕዳውንም የሚከፍለው ባየበት ቦታ ብቻ ሳይሆን ተመልሶ በሚኖርበት መንደር ጭምር ነው።