የደበዘዘ መልክ

ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ ገዳማት ሰው የሚያመላልሱ የፋይበርግላስ ጀልባዎች ጥቂት ዓመታት ካገለገሉ በኋላ ቀለማቸው ይደበዝዛል፤ ውኃው በሚነካቸው ልክም ዙሪያቸውን ቡናማ እድፍ ይይዛቸዋል። ለባለ ጀልባው ይህ የጥገናና የወጪ ጉዳይ ነው። እኔ ግን አንድ የቆየ የሃይማኖት ጥያቄ እዚህ ላይ በእጅ ሊዳሰስ የሚችል ይመስለኛል፦ ሰው ሲበድል በውስጡ ያለው የእግዚአብሔር መልክ ይጠፋል ወይስ ይሸፈናል? ይሸፈናል ብዬ አምናለሁ። እምነቴ ልክ ከሆነ በመታደስ ውስጥ የእኛ ድርሻ የተጋገረውን ማንሳት ብቻ ነው፤ ቀለሙ ቀድሞ ተሰጥቷል።

የጀልባው የላይኛው ሽፋን፣ ጄልኮት የሚሉት ባለ ቀለም ሬዚን (የሚጠነክር ሙጫ)፣ ጀልባው ተሠርቶ ካለቀ በኋላ የሚቀባ ቀለም አይደለም። ጀልባው ሲሠራ ከሁሉ አስቀድሞ በቅርጽ ማውጫው ገጽ ላይ የሚረጨው እሱ ነው፤ የመስታወት ክሩና ሌላው ሬዚን ከኋላው ይነባበሩና አንድ ላይ ይጠነክራሉ። ውፍረቱ ግማሽ ሚሊሜትር ገደማ ነው። ጣና ሐይቅ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር አካባቢ ላይ ስለሚገኝ የፀሐዩ አልትራቫዮሌት ጨረር ይበረታል፤ የጄልኮቱን የላይኛ ገጽ እየሰባበረ ይገድለዋል። በጣት ሲዳስሱት ነጭ ዱቄት ይቀራል። ብርሃን በዚያ ሻካራ ገጽ ላይ ስለሚበታተን ሰማያዊው አመድማ፣ ቀዩ ሐመር ሆኖ ይታያል። እርጥብ ጨርቅ ሲያሳልፉበት ግን ጨርቁ የነካው ሁሉ ወዲያው ወደ ቀድሞ ቀለሙ ይመለሳል፤ ውኃው ሲደርቅ ደግሞ ተመልሶ ይጠፋል። ከዚህ ቅጽበት የተሻለ ማስረጃ አላውቅም። ውኃ የራሱ ቀለም ስለሌለው ያልነበረ ሰማያዊ ሊሰጥ አይችልም። የታየው እዚያው የነበረው ነው።

እድፉም የሚያስተምረው አለ። በሰከላ ከግሽ አባይ ጠርቶ የሚፈልቀውና ምእመናን ጠበል ብለው የሚጠጡት ውኃ በግልገል አባይ አድርጎ ጣና እስኪደርስ የጎጃምን አፈር ተሸክሞ ይደፈርሳል። በአፈሩ ውስጥ ያለው ብረትና የበሰበሰ ቅጠል የሚለቀው ቀለም በሞተው ንብርብር ቀዳዳዎች ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል፤ ልስልሱን ገጽ ያን ያህል አይዘውም። ያ አፈር በማሳው ላይ ጤፍ የሚያበቅል በረከት ነበር። እድፍ የሆነው ያለ ቦታው ስለተገኘ ነው። ኦክዛሊክ አሲድ ሲቀቡት የብረቱን እድፍ አሟሙቶ ያወጣል፣ ሬዚኑን ግን አይነካም፤ ሁለቱ አንድ ባሕርይ ቢሆኑ ኖሮ ይህ ባልሆነ ነበር።

ቅዱስ አትናቴዎስን ጠቅሶ የሚቃወመኝ ሊኖር ይችላል። ፍሬምናጦስን፣ የእኛን አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንን፣ ጳጳስ አድርጎ ወደ አክሱም የላከው ይህ አባት ስለ ቃል ሥጋ መሆን በጻፈው መጽሐፍ ሰውን በእድፍ ከጠፋ የሰሌዳ ሥዕል ጋር ያነጻጽረዋል፤ ባለ መልኩ ራሱ ዳግም ካልመጣ ሥዕሉ አይታደስም ይላል። እንዲህ ከሆነ መልኩ ጠፍቷል፣ ማጠብም ከንቱ ነው። ቅዱስ ጎርጎርዮስ ዘኑሲስ በበኩሉ ጭቃ ለብሶ ስለማይለይ፣ ቢታጠብ ግን ስለሚታወቅ ሰው ይናገራል። በእኔ ግምት ሁለቱ አይጣሉም። ጎርጎርዮስም ቢሆን መልኩ የእኛ ሥራ ሳይሆን ስጦታ ነው ይላል፤ አትናቴዎስም ሥዕሉ ያለበት እንጨት እንደማይጣል ያስረዳል። ጄልኮቱ እስከ መስታወት ክሩ ድረስ ተበልቶ ያለቀበት ቦታ ላይ ማጠብ በእርግጥ አይበቃም፣ ከውጭ አዲስ ሽፋን መምጣት አለበት። የሚያርፈው ግን በዚያው ጀልባ ላይ ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ወንዱን በ40፣ ሴቷን በ80 ቀን አጥምቃ ጥምቀትን የማትደግመው፣ ንስሐን ግን ዕድሜ ልክ የምትደጋግመው በዚሁ ምክንያት ይመስለኛል።

ከበድ ያለው ተቃውሞ ከታንኳ የሚመጣ ነው። በጣና ዳር የነገደ ወይጦ ሰዎች ከደንገል የሚያስሯት ታንኳ ውኃ ጠጥታ ከጥቂት ወራት በኋላ ትጣላለች፣ ሌላ ትታሰራለች። ደንገሉ እስካለና እጁ እስካወቀ ድረስ ያረጀውን ማሸት ለምን ያስፈልጋል? ለታንኳ ይህ ጥበብ ነው፤ በየጊዜው የሚተርፈው ሙያው ነውና። ሰው ግን አንድ ጊዜ ብቻ የሚገኝ ነው። አንዱን ጥለን ሌላ ብንተካ ያዳንነው ሌላውን ነው፤ የተጣለው እንደተጣለ ይቀራል።

እርግጥ ንጽጽሩ እስከ መጨረሻው አይሄድም። በብርጭቆ ወረቀትና በፖሊሽ የታሸ ጄልኮት በየጊዜው ይሳሳል፣ አንድ ቀን ያልቃል፤ ምሕረት ግን በመደጋገም የሚሳሳ ነገር አይደለም። ያም ሆኖ መሳሳቱን የሚያውቅ ባለሙያ ጥንቃቄው ይገርማል። በጣም ለስላሳ በሆነው ወረቀት ይጀምራል፣ ካልሠራለት ብቻ ወደ ሻካራው ይሄዳል፤ ነፍስን የሚመክር ንስሐ አባትም ከዚህ ያነሰ ጥንቃቄ ሊኖረው አይገባም። ሰም መቀባት የመጨረሻው ሥራ ነው፤ ዱቄቱ ሳይነሣ የተቀባ ሰም ለጥቂት ሳምንት ያብረቀርቅና የሞተውን እንደያዘ ይላጣል። ፈሪሳዊነትን ከዚህ የተሻለ የሚያሳይ ነገር አላየሁም።

ከጀልባው የተነሣው ዱቄትና አሲዱን ያለቀለቀው ውኃም የት ይሄዳሉ? ቀራጩ ዘኬዎስ በንስሐ ሲመለስ የቀማውን አራት እጥፍ ለመክፈል ቃል ገባ፤ መንጻቱ በሌላ ሰው ጉዳት ላይ እንዲቆም አልፈለገም። በጣና ዳርም ጀልባውን ከውኃ አውጥቶ፣ ከዳርቻው ራቅ አድርጎ፣ የሚፈሰውን በዕቃ እየተቀበሉ ማጠብ የሥራው አካል ነው፤ ዓሣ አጥማጁ መረቡን የሚጥለው፣ የዳርቻው ሰውም ማድጋውን የሚሞላው ከዚያው ሐይቅ ነውና።