ቤት ሲጠብ ምን ይዘን እንግባ?

ልጆች ጎጆ ወጥተው፣ ጉልበትም ደክሞ፣ ሰፊው ግቢ ለሁለት አረጋውያን የማይሞላ ሲሆን፣ ሰው ወደ ጠባብ ቤት መግባቱ አይቀርም። ነገሩ ላይ ላዩን ሲታይ የኑሮ ዘዴ እንጂ ሌላ አይመስልም። ጠለቅ ብለን ስንመለከተው ግን የሥነ ምግባር ጥያቄ አለበት። ቤታችንን ስናሳንስ በእርግጥ የምናሳንሰው ምንን ነው? ግድግዳውን ብቻ ነው ወይስ ፍላጎታችንንም ጭምር? ይህን ጥያቄ የምናነሣው ሌላውን ለመምከር ሳይሆን፣ እኛው ራሳችን ስለ ተሳሳትንበት ነው።

ብዙ ዓመት የኖርነው በመካነ ሰላም ነበር። ከደሴ ተነሥቶ በጉጉፍቱና በአቀስታ ብርዳም አምባ አልፎ ወደ ምዕራብ የሚጓዝ ሰው፣ አገሩ ወደ ዓባይ በረሃ ከመውረዱ በፊት ይህችን የቦረና ከተማ ያገኛታል። በግቢያችን ማድ ቤቱ ለብቻው፣ ጎተራው ለብቻው ነበር። በገበያ ቀን ከገጠር የሚመጣ ዘመድ በቅሎውን ከአጥሩ ሥር አስሮ፣ ቡናውን ጠጥቶ፣ ቢመሽበትም መደብ ላይ ባና ለብሶ ያድር ነበር። በዚያ ቤት እንግዳ «ቦታ አለ ወይ?» ብሎ አይጠይቅም።

በ2012 ዓ.ም. ለሕክምና ክትትልና ለልጆቻችን ቅርበት ስንል ወደ አዲስ አበባ መጥተን፣ በአንድ የጋራ መኖሪያ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ባለ አንድ መኝታ ቤት ገባን። ጎተራውን ለጎረቤት ሰጠን። ሙቀጫውንም ተውነው፤ በፎቅ ቤት የእኛ ወለል ለታችኛው ጎረቤት ጣሪያው ነውና፣ በማለዳ ቡና መውቀጥ የሰው ራስ ላይ እንደ መውቀጥ ነው። ከትልቁ ምጣድ፣ ከሰፊው ሌማትና ከአግዳሚ ወንበሩም ተለያየን። ዕቃችን ሲቀንስ ልባችን ቀለል አለው፤ ቀስ በቀስም በራሳችን ረክተን፣ በጥቂት ነገር መኖርን ያወቅን ብልሆች መስለን መታየት ጀመርን።

ልንተወው ያልቻልነው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አሮጌው የፎልክስዋገን ኮምቢያችን። ይህ ዓይነቱ መኪና በጀርመን አገር መሠራት የጀመረው እ.አ.አ. በ1950 ሲሆን፣ ብዙም ሳይቆይ ቬስትፋልያ የሚባለው ፋብሪካ አልጋና ምድጃ እየገጠመለት የመንገደኛ ቤት አደረገው። የእኛው በሰው መጫኛነት የመጣ ቢሆንም፣ የኋላ ወንበሮቹን አስወጥተን በአናጺ የእንጨት አልጋ አሠራንለት፤ ከአልጋው ሥር ጀሪካንና የጋዝ ምድጃ የሚቀመጥበት ሣጥን ነበረው። ሞተሩ ከኋላ ሆኖ በአየር የሚቀዘቅዝ በመሆኑ፣ በጣርማ በር ዳገት ላይ የሚፈላ ውኃ የለውም። ከ3,000 ሜትር በላይ በሆነው በለጋምቦ አምባ ግን አየሩ ስለሚሳሳ፣ ካርቡራቶሩ ካልተስተካከለ ቤንዚኑ ይበዛበትና ጥቁር ጭስ እያወጣ ይለግማል።

አሳባችን ግልጽ ነበር። ቤታችን ቢጠብም፣ መኪናውን አድሰን በየዓመቱ ወደ መካነ ሰላም እንመለሳለን፤ በመንገድም እንደ ቀድሞው እናድርበታለን። ከሕንፃው ሥር ባለው ባዶ ቦታ አቆምነውና ሥራውን ጀመርን። ለመለዋወጫ ሶማሌ ተራ ተመላለስን፤ ሞተሩ ወርዶ ባልቦላውና ፒስተኑ ተፈተሸ፤ ጎማዎቹ ወልቀው መኪናው በድንጋይ ላይ ተቀመጠ። የወለሉን ዝገት ያየው ባትላሜራ ቀለሙን ልጦ፣ «ይህን ስቱኮ ብለጥፍበት ዛሬ ያምራል፤ ዝገቱ ግን ከሥር መብላቱን አይተውም። ተቆርጦ አዲስ ላሜራ ይበየድበት» አለን። ምክሩን ተቀበልን፤ ሥራው ግን ረዘመ፤ ሁለት ክረምትም አለፈ።

በሦስተኛው ክረምት ከሕንፃችን አንድ አባት ዐረፉ። የዕድሩ ሰዎች ድንኳኑን ይዘው ሲመጡ፣ ድንኳን የሚተከልበት ደልዳላ ቦታ በእኛ መኪና ተይዞ ነበር። ጎማ የለውም፤ አይገፋም። ሞተር የለውም፤ አይነዳም። ድንኳኑ ከተዳፋቱ ላይ ተተከለ፤ ሌሊት ዝናብ ሲጥል ጎርፉ ከለቀስተኛው እግር ሥር ገባ። እኛም ከሌሎቹ ጋር በጭቃው ውስጥ ተቀመጥን፤ ማንም አልተናገረንም። በሦስተኛው ቀን ግን በዕድሜ የሚበልጡን አንዲት እናት ቀስ ብለው፣ «ልጆቼ፣ እናንተ ቤታችሁን አሳነሳችሁ፤ ዕቃችሁን ግን በእኛ ቤት አሳደራችሁ» አሉን።

ይህን ቃል ለመመለስ ብዙ ሞከርን፤ መልስ አጣን። በመካነ ሰላም ሳለን የማይሠራ ዕቃ ብናከማች በራሳችን አጥር ውስጥ ነበር። በጋራ ሕንፃ ግን አጥር የለም። የጋራ ሕንፃ ባለቤትነትን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 370/1995 ነዋሪው የየራሱ ቤት ባለቤት ሲሆን፣ ደረጃው፣ ጣሪያውና ግቢው የሁሉም እንዲሆን ይደነግጋል። በመሆኑም ወደ እንዲህ ያለ ቤት የሚገባ ሰው የግሉ ሲያንስ የጋራው ይበዛለታል፤ ከጋራው ጋርም ኃላፊነቱ ይበዛል። እኛ የመጀመሪያውን አይተን ሁለተኛውን አላየንም። በዝገቱ ላይ ስቱኮ እንዳይለጠፍ የተጠነቀቅን ሰዎች፣ በራሳችን ምኞት ላይ «በጥቂት መኖር» የሚል ስቱኮ ለጥፈን ነበር።

ከዚህም ሌላ ልናፍርበት የሚገባን ነገር አለ። እኛ ወደ ጠባብ ቤት የገባነው መርጠን ነው። ብዙዎች ጎረቤቶቻችን ግን አልመረጡም። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ባደረገ ጊዜ፣ ቤቱ የቀነሰበት ሰው ፈቃዱን አልተጠየቀም። በ2016 እና በ2017 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ምክንያት ከፒያሳና ከካዛንችስ ተነሥተው ወደ ጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች የተዛወሩ ቤተሰቦችም፣ ዕድራቸውንና የዘመናት ጉርብትናቸውን ትተው ነው የሄዱት። በባሕር ማዶም ቢሆን ነገሩ እንዲሁ ነው። እ.አ.አ. ከ2008 የገንዘብ ቀውስ በኋላ በአሜሪካ ቤታቸውን ያጡ አረጋውያን አሮጌ መኪና ውስጥ አልጋ ዘርግተው መኖር ጀምረዋል። ለእነርሱ ያ መኪና መጠለያ ነው፤ ለእኛ ግን ትዝታ ነበር። ወድዶ የቀነሰና ተገድዶ የቀነሰ በአንድ ደረጃ ላይ ቢኖሩም፣ የቀመሱት አንድ አይደለም።

እንግዲህ መኪናውን መሸጥ ወይም ለቁርጥራጭ ብረት መስጠት ይገባን ነበር? አንዳንድ ወዳጆቻችን እንዲህ መክረውናል። እኛ ግን አሮጌን ነገር ማደስ በራሱ ስሕተት ነው አንልም። እናቶቻችን የተሰነጠቀ ቅል ሰፍተው ይጠቀሙ ነበር፤ በመርካቶ ምናለሽ ተራም የተጣለ ቆርቆሮ እንደገና ምድጃ ይሆናል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ ደግሞ ጠጋኝ እጅ ይበልጥ ተፈላጊ ነው። ይሁን እንጂ መጠገን ብቻውን ጽድቅ አይሆንም። የተጠገነው ነገር ለምን፣ ለማንስ እንደ ሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ጥያቄው የጠነከረብን መኪናው በተበየደና ሞተሩ በተነሣ ጊዜ ነው። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል ግጭቱ ከተባባሰ ወዲህ፣ ያሰብነው የየዓመቱ ጉዞ ሳይሆን ቀረ። ለመንገዱ ያዘጋጀነው መኪና መንገዱን አጣ። ያን ጊዜ እርስ በርሳችን ተያየን። ይህ ነገር ተስፋ ነው ወይስ ግትርነት? ብዙ ከተወያየን በኋላ አንድ መለኪያ አገኘን። የምናቆየውን ዕቃ «እኛን ደስ ያሰኛል ወይ?» ብለን ሳይሆን፣ «ከእኛ ሌላ ማን ይፈልገዋል?» ብለን መጠየቅ።

ከዚያ በኋላ ወደ ዕድሩ ሊቀ መንበር ሄደን ይቅርታ ጠየቅን። አልጋውን አስወጥተን የኋላ ወንበሮቹን መለስን። ዛሬ ኮምቢው የሚያድረው ገንዘብ በምንከፍልበት ጋራዥ ነው፤ ለቅሶ ሲሆን የዕድሩን ድንኳንና ብረት ድስት ያመላልሳል፤ አረጋውያንንም ወደ ቀብር ያደርሳል። እውነቱን ለመናገር፣ አልጋው ሲወጣ ልባችን አዝኗል። የሞተሩን ድምፅ በሰማን ቁጥር ዛሬም የጣርማ በር ዳገት ይታየናል፤ ይህን ናፍቆት ሙሉ በሙሉ አሸንፈነዋል ብለን አንዋሽም።

የእንጨቱን አልጋ ግን አልጣልነውም። ደረጃውን አውጥተን ከሳሎናችን ግድግዳ አጠገብ እንደ መደብ አኖርነው። ባለፈው ዓመት ለሕክምና ከመካነ ሰላም የመጣ ዘመዳችን ከደጅ ቆሞ ጠባቡን ቤት ዐየና፣ «ቦታ አለ ወይ?» ብሎ ጠየቀን። በቀድሞው ግቢያችን ያልተጠየቀ ጥያቄ ነውና ደነገጥን። ባናውን በመደቡ ላይ አነጠፍንለት፤ አሥራ ሁለት ሌሊትም አደረበት።

እናንተም፣ የተከበራችሁ አንባብያን፣ ዕቃችሁን አሥራችሁ ወደ ጠባብ ቤት የምትገቡበት ቀን ሲደርስ፣ ከምትጥሉትና ከምታስቀሩት ነገር በፊት ይህን አስቡ። እንግዳው የት ያድራል? የዕድሩስ ድንኳን የት ይተከላል?