ልታስቆሚው የምትችይውን ምረጪ

ልጄ፣ እንግሊዝኛ ለማስተማር የሚረዳ ድረ ገጽ እንድጠቁምሽ ጠይቀሽኛል። ስም መደርደሩ አይከብድም። ከዚያ በፊት ግን አንድ መለኪያ ልስጥሽ፦ ክፍል ውስጥ ልታስቆሚው፣ ወደ ኋላ ልትመልሺውና ልትቆርጪው የማትችይው ነገር ምንም ያህል ቢያምር አይጠቅምሽም።

ይህን የምለው የፕላዝማን ዘመን ስላየሁ ነው። በ1997 ዓ.ም. በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ «ፕላዝማ» የምንለው ቴሌቪዥን ገባና ትምህርቱ በሳተላይት ይሠራጭ ጀመር። ሥዕሉ ያማረ፣ ዝግጅቱም የተለፋበት ነበር። አቅራቢው በእንግሊዝኛ ያስረዳል፣ ይጠይቃል፣ ጥቂት ሰከንድ ይጠብቃል፣ ከዚያ መልሱን ራሱ ተናግሮ ይቀጥላል። የኋላ ዴስክ ላይ የተቀመጠው ልጅ ግን ጥያቄው እንኳ አልገባውም። መምህሩም «ቆይ፣ አንዴ» ማለት አይችልም፤ መብራት ከሄደማ የዕለቱ ትምህርት አብሮ ሄደ። ስንቱ ጎበዝ መምህር በገዛ ክፍሉ ሪሞት ያዥ ሆኖ ቀረ! ያኔ የጠፋው የማቆሚያ ቁልፍ ዛሬ እጅሽ ላይ ባለው ስልክ ላይ አለ።

እንግዲህ ከድምፅ እንጀምር። የአሜሪካ ድምፅ እ.ኤ.አ. በ1959 «ስፔሻል ኢንግሊሽ» ብሎ የጀመረው፣ በኋላም «ለርኒንግ ኢንግሊሽ» የተባለው ዝግጅት ለእኛ ልጆች እንደተሠራ ነው የምቆጥረው። 1,500 ገደማ በሚሆኑ መሠረታዊ ቃላት፣ በአጫጭር ዓረፍተ ነገር፣ ከተለመደው ንግግር ረጋ ብሎ ይነበባል፤ ጽሑፉም አብሮ አለ። «ሌትስ ለርን ኢንግሊሽ» የሚለው የጀማሪዎች ኮርሱ በመጀመሪያው ደረጃ 52 ትምህርቶች አሉት፤ የመምህሩ ዕቅድ ሳይቀር ተዘጋጅቶለታል። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2025 የአሜሪካ መንግሥት የጣቢያውን ሠራተኞች በግዳጅ ፈቃድ ከሥራ አስወጣ። ዛሬ የከፈትሽው ገጽ ነገ ላይከፈት እንደሚችል ከዚህ ተማሪ። የወደድሽውን ሁሉ አውርደሽ ፍላሽ ላይ አስቀምጪ።

የቢቢሲው «ሲክስ ሚኒት ኢንግሊሽ» ከዚህ ጠንከር ይላል። ስሙ እንደሚለው ስድስት ደቂቃ ነው፤ መጀመሪያ ላይ ጥያቄ ይነሣል፣ መልሱ መጨረሻ ላይ ይመጣል። ለ11ኛና ለ12ኛ ክፍል ይሆናል፤ ለ9ኛ አይሆንም። ለታችኞቹ የብሪትሽ ካውንስልን «ለርን ኢንግሊሽ» ክፈቺ። በደረጃ ስለተከፋፈለ ከዝቅተኛው ደረጃ፣ ከኤ ዋን፣ ጀምረሽ ልጆችሽ የሚደርሱበትን መምረጥ ትችያለሽ። የክፍሉን ቁጥር አይተሽ ሳይሆን ልጆቹን አይተሽ ምረጪ፤ 10ኛ ክፍል ተቀምጦ ኤ ዋን የሚያስፈልገው ብዙ ነው። በዚህ አትፈሪ፣ አትናቂያቸውም።

አሁን ይህን እንዴት ታስተምሪበታለሽ? ስድስቱን ደቂቃ ሙሉውን ካጫወትሽ ፕላዝማን መልሰሽ ሰቀልሽው ማለት ነው። አንድ ደቂቃ ተኩል ብቻ ቁረጪ። ስልኩን ከስፒከር ጋር አገናኚ፤ ከሌለ የሚኒ ሚዲያውን ተዋሺ። ከማጫወትሽ በፊት ሰሌዳው ላይ አንድ ጥያቄ ጻፊ፤ ሰባ ልጅ ዝም ብሎ የሚያዳምጠው የሚፈልገው ነገር ሲኖር ነው። አንዴ አጫውተሽ መልስ ተቀበዪ፤ ትክክል ይሁን ስሕተት አትንገሪያቸው። በሁለተኛው ዙር የያዙትን ቃል ብቻ ይጻፉ። ቀጥሎ በዴስክ በዴስክ ሦስት ሆነው የየራሳቸውን ቃል አገጣጥመው ሐሳቡን መልሰው ያዋቅሩት። በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ ቢከራከሩ ተያቸው፤ የሚከራከሩት ስለ እንግሊዝኛው ነው። ጽሑፉን የምታሳዪያቸው በመጨረሻ ነው። ያቺ ደቂቃ ተኩል የ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ትሞላለች።

ለንባብ «አፍሪካን ስቶሪቡክ»ን እመክርሻለሁ። ከደቡብ አፍሪካ የተነሣ፣ ሥዕል ያላቸው አጫጭር ተረቶች በብዙ የአፍሪካ ቋንቋዎች የሚገኙበት ገጽ ነው፤ አማርኛም አለበት። ማተምም መተርጎምም ተፈቅዷል። ልጆቹ በረዶ ላይ ስለሚንሸራተት ልጅ ከሚያነቡ ስለ ፍየልና ስለ ወንዝ ቢያነቡ ቋንቋውን ብቻ ይታገላሉ፤ ዓለሙንማ ያውቁታል።

ኔትወርክ በሌለበት ወረዳ ከተመደብሽ ደግሞ «ኪዊክስ» የሚባለውን መተግበሪያ አትርሺ። «ሲምፕል ኢንግሊሽ ዊኪፔዲያ»ን ከተማ ሳለሽ አውርደሽ ሚሞሪ ካርድ ላይ ትጭኛለሽ፤ ከዚያ በኋላ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። እዚያ ስለ ልብ፣ ስለ ዝናብ፣ ስለ ኤሌክትሪክ በቀላል እንግሊዝኛ ተጽፎ ታገኛለሽ። የእኛ ተማሪ ቢዘገይ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ባዮሎጂና ፊዚክስ የሚማረው በእንግሊዝኛ ስለሆነ፣ ከአንቺ ክፍል ይዞት የሚወጣው ቃል ሌሎች መምህራን ክፍል ይጠብቀዋል። ከባዮሎጂው መምህር ጋር ቡና እየጠጣችሁ የሚቀጥለውን ምዕራፍ ጠይቂው፤ ያንኑ ርዕስ ቀድመሽ አስነብቢ።

ስለ አነጋገር አጭር ልበል። የካምብሪጅና የኦክስፎርድ የተማሪ መዝገበ ቃላት በነፃ ይከፈታሉ፤ ቃሉን በእንግሊዝና በአሜሪካ አነጋገር ያሰማሉ። «እስኩል» እና «እስፖርት» የሚለውን የሁላችንን ልማድ አንቺ ራስሽ ቀድመሽ አርሚው፤ ልጆቹ የሚቀዱት ካንቺ አፍ ነው። ዱኦሊንጎ ግን ከአማርኛ ተነሥቶ እንግሊዝኛ የሚያስተምርበት ኮርስ የለውም፤ ለክፍልሽ አትድከሚበት።

ቻትጂፒቲንም እንደምትጠቀሚ አውቃለሁ። የመማሪያ መጽሐፉን ምንባብ ወደ ቀላል እንግሊዝኛ እንዲያወርድልሽ ወይም አምስት ጥያቄ እንዲያወጣልሽ ጠይቂው፤ ጥሩ ይሠራል። ስለ አገራችን የጻፈውን ግን ሳታነቢ አታባዢ፤ በሙሉ ልብ ይሳሳታል። ቴሌግራም ላይ የሚዞረውን የመልመጃ መልስ ተማሪዎችሽም አይተውታል፤ ስለዚህ ከዚያ ላይ ፈተና አታውጪ።

ደመወዝሽ ስንት እንደሆነ ስለማውቅ ቪዲዮ እያየሽ ዳታ አትጨርሺ። ድምፅና ጽሑፍ ርካሽ ነው፤ በሌሊት ጥቅል ብዙ ይወርዳል። በዚህ ሳምንት አንድ ዝግጅት አውርደሽ ደቂቃ ተኩሉን ቁረጪና ሰኞ ክፍል ግቢበት፤ ልጆቹ የቱ ጋ እንደከበዳቸው ጻፊልኝና የሚቀጥለውን አብረን እንመርጣለን።