አስቸጋሪውን ማቅለል ሁልጊዜ በጎ ነውን?

ለመሆኑ ከባድ የሆነውን ነገር ለሁሉ ቀላል ማድረግ ዘወትር የፍቅር ሥራ ነውን? ጥያቄው በመካከላችን ብዙ ስላከራከረ፣ አንድ የታወቀ ተራራ ይዘን ልንመረምረው ወደድን።

በአሜሪካ፣ በካሊፎርኒያ ክፍለ ግዛት፣ ዮሰሚቲ በተባለው ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ‹‹ሃፍ ዶም››፣ ማለትም ‹‹ግማሽ ጉልላት››፣ የሚባል የግራናይት ተራራ አለ። ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ 2,694 ሜትር ነው። አንድ ጎኑ በቢላዋ እንደ ተቆረጠ ድፎ ዳቦ ቀጥ ብሎ ወደ ሸለቆው ይወርዳል፤ ሌላው ጎኑ ክብና ልሙጥ ስለ ሆነ ለእግር መቆሚያ አይሰጥም። የግዛቱ የመሬት ጥናት ኃላፊ የነበረው ጆሳያ ዊትኒ የሰው እግር ከቶ እንደማይረግጠው ጽፎ ነበር። ነገር ግን በ1875 (ዘመናቱ ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው) ጆርጅ አንደርሰን የሚባል የስኮትላንድ ተወላጅ ዐለቱን በእጁ እየበሳ፣ የብረት ቀለበት እየተከለ ጫፉ ላይ ወጣ። ለሁሉ የሚሆን ደረጃ ሊሠራም አስቦ ነበር፤ ሳይፈጽመው በ1884 ሞተ። በ1919 ግን 120 ሜትር ያህል ርዝመት ያላቸው ሁለት የብረት ገመዶች ተዘረጉ፤ ዛሬም ወጪው ግራና ቀኝ እነርሱን ጨብጦ ይወጣል።

ክርክሩ የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። በ1964 በወጣው የአገሪቱ ሕግ መሠረት የተከለለ ዱር ሰው እንግዳ ሆኖ የሚያልፍበት እንጂ የሚሰፍርበት ቦታ አይደለም፤ ተራራውም ከ1984 ጀምሮ በዚሁ ክልል ውስጥ ነው። ስለዚህ ‹‹ገመዱ ይነሣ›› የሚሉ አሉ። ከእኛም አንዳንዶቹ ተስማሙ። ሌሎቻችን ግን ‹‹ይህ የብርቱዎች ስስት ነው›› አልን።

ደብረ ዳሞን ያነሣም አልጠፋም። በአባቶች ትውፊት እንደሚነገረው፣ ንጉሥ ገብረ መስቀል ቤተ ክርስቲያኑን ሲያሠራ የተበጀው መወጣጫ ሥራው ሲያልቅ በአቡነ አረጋዊ ቃል ፈረሰ፤ ጠፍሩ ግን ቀረ። (እኅቶቻችን በጠፍሩም አይወጡም፤ ያ የራሱ ሥርዓት ያለው ሌላ ጉዳይ ነው።) ይህ ትውፊት ብዙ አሳሰበን። ደረጃ ድካሙን ያስቀራል፤ ገመድ ግን ክንድም ልብም ይጠይቃል፣ የሚሰጠው መያዣ ብቻ ነው። እንግዲህ በእኛ አስተያየት የሃፍ ዶም ገመድ ሊቆይ ይገባዋል፤ የአንደርሰን ደረጃ ግን እንኳን ቀረ።

ይሁን እንጂ ገመዱ ሌላ ፈተና አመጣ። በበጋ ቅዳሜ ከ1,000 የሚበልጥ ሰው የሚወጣበት ጊዜ ነበር። አንዱ ፈርቶ ሲቆም ከበታቹ ያለው ሁሉ ይቆማል፤ ዝናብ ሲመጣ ዐለቱ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል፤ ወድቀው የሞቱም አሉ። በዚህ ጊዜ ጥያቄው በወጪውና በተራራው መካከል መሆኑ ቀርቶ በወጪውና ከኋላው ባለው ሰው መካከል ይሆናል። በ2010 በተወሰኑ ቀኖች፣ በማግሥቱ ዓመት ደግሞ በየቀኑ ያለ ፈቃድ መውጣት ተከለከለ። አሁን ገመዱ ቆሞ በሚቆይባቸው ወራት ፈቃድ የሚያገኘው በቀን 300 ያህል ሰው ነው፤ እርሱም በዕጣ። ዕጣ ብርቱውን ከደካማው አይለይምና ይህ ደስ አሰኝቶናል።

አንድ ነገር ግን ገና አከራካሪ ነው። ፈቃዱ ለአንድ ቀን ብቻ ነው። ዕጣ የደረሰው ሰው ከሩቅ አገር መጥቶ፣ ገመዱ ሥር ሲደርስ ሰማዩ ጠቁሮ ቢመለስ፣ ተራውም ቢያልፍ፣ ይህ ሰው ከተራራው ምን አገኘ እንላለን? ከእናንተ መካከል አሳብ ያለው ለሚቀጥለው እትም ይጻፍልን።