ስጦታና አደራ

የአንድ ቤተ መጻሕፍት መጻሕፍት በመደርደሪያው ላይ በሥርዓት ተደርድረው ሳሉ፣ ዝርዝራቸው በሌላ ሰው ቁልፍ የተዘጋ ቢሆን፣ ቤተ መጻሕፍቱ የመጻሕፍቱ ባለቤት ነው ሊባል ይቻላልን? ነገሩ ላይ ላዩን ሲያዩት የኮምፒዩተር ባለሙያዎች ጉዳይ ይመስላል፤ ጠልቆ ለመረመረው ግን የሥነ ምግባር ጥያቄ ነው። የካታሎግ መዝገብ የሰው ድካም ውጤት ነውና። መዝጋቢው መጽሐፉን ገልጦ፣ የደራሲውን ማንነት ለይቶ፣ የታተመበትን ቦታና ዘመን አጣርቶ የሚጽፈው ፊቱን ለማያየው አንባቢ ነው።

ይህ ድካም ምስጢሩን አንድ ድርጅት ብቻ በሚያውቀው ሶፍትዌር ውስጥ ሲቀመጥ፣ ድርጅቱ ዋጋ የጨመረ ወይም ሥራውን ያቆመ እንደሆነ፣ ቤተ መጻሕፍቱ የገዛ መዝገቡን ለማውጣት ደጅ ይጠናል። እርግጥ ነው፣ ሶፍትዌሩን የሠራውም ደክሟልና ዋጋው ይገባዋል። ሆኖም ሣጥን የሠራ አናጢ የሣጥኑን ዋጋ እንጂ በውስጡ የተቀመጠውን ንብረት ሊጠይቅ አይችልም።

በኒው ዚላንድ የሆሮዌኑዋ ቤተ መጻሕፍት ድርጅት ያደረገው ለዚህ ምሳሌ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1999 ነባሩ የኮምፒዩተር ሥርዓት የ2000ን መግባት እንደማይቋቋም በታወቀ ጊዜ፣ ሌላ ዝግ ሶፍትዌር በመግዛት ፈንታ፣ ካቲፖ በተባለ የአገሩ ኩባንያ አዲስ አሠራ። አዲሱም በጃንዋሪ 2000 ሥራ ጀመረ። ከዚያም ማንም ወስዶ እንዲጠቀምበት፣ እንዲያሻሽለውና ለሌላው እንዲያካፍለው ምንጩ ለሁሉ ክፍት ሆነ። ስሙም ኮሃ ተባለ። ኮሃ በማኦሪ ቋንቋ ስጦታ ማለት ሲሆን፣ የተቀበለ በተራው መልሶ የሚሰጥበት ነው። በእርግጥም ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በአሜሪካ የኦሃዮ ግዛት የሚገኝ አንድ ቤተ መጻሕፍት ገንዘብ አውጥቶ፣ ሶፍትዌሩ ማርክ የተባለውን ዓለም አቀፍ የመዝገብ አጻጻፍ ሥርዓት እንዲቀበል አስችሎታል።

ነገር ግን የበሩ መከፈት ብቻውን ጽድቅ አይሆንም። መዛግብት ከአንዱ ሥርዓት ወደ ሌላው ሲሻገሩ በመንገድ የሚቀር ነገር አለ። የመዝጋቢው ማስታወሻ ቦታ አጥቶ ይጠፋል፤ ጥንቃቄ ከጎደለም የግዕዝ ፊደል ትርጉም የለሽ ምልክት ሆኖ ይወጣል። ኢትዮጵያዊ ደራሲ የሚታወቀው በራሱ ስም ነው፤ ሁለተኛው ስም የአባቱ እንጂ የቤተ ሰብ መጠሪያ አይደለም። ይህን ያላስተዋለ ሰው የአውሮፓውያንን ልማድ ተከትሎ ስሙን ቢገለብጠው፣ የልጁ መጽሐፍ በአባቱ ስም ይመዘገባል፤ ፈላጊውም አጥቶት ይመለሳል። ይህ ስሕተት በዝጉ ሶፍትዌር እንደሚፈጸም ሁሉ በክፍቱም ይፈጸማል።

ልዩነቱ ከዚህ ላይ ነው። ቁልፉ በሌላ እጅ ሳለ፣ ቤተ መጻሕፍቱ ጥፋቱን በባለቁልፉ ላይ ሊያሳብብ ይችል ነበር። ቁልፉን ሲረከብ ግን ጥፋቱንም አብሮ ይረከባል። ስለዚህ መዝገቡን ከመጽሐፉ ጋር የሚያመሳክር፣ የተገለበጠውንም ስም ወደ ስፍራው የሚመልስ ሠራተኛ መመደብ፣ ያሻሻለውንም ለሌሎች ማካፈል ግዴታው ይሆናል። ያለዚያ ስጦታውን ተቀብሎ አደራውን የበላ ይባላል።