የብሩሹ ባለቤት ማን ነው?

በዱርቤቴ አካባቢ አንድ በሬ ብቻ ያለው ገበሬ ጥማዱን ለማሟላት ሁለተኛውን ይከራያል፣ ይገዛል፣ ወይም ከጎረቤቱ ጋር ይቀናጃል። በሦስቱም መንገድ ማሳው ይታረሳል፤ ልዩነቱ የሚገለጠው ከአጨዳ በኋላ ነው።

ዛሬ በኮምፒዩተር ለሚሥል ሠዓሊ የቀረበውም ምርጫ ከዚህ የራቀ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1990 ለገበያ የቀረበው ፎቶሾፕ ከ2013 ወዲህ አዳዲስ እትሞቹ የሚገኙት በኪራይ ነው፤ ክፍያው ሲቋረጥ ብሩሹም ይቋረጣል። በ2011 የወጣው ፕሮክሪኤት አንድ ጊዜ ይገዛል፤ ነገር ግን ከአፕል ኩባንያ መሣሪያዎች ውጭ አይሠራም። ክሪታ ደግሞ ያለ ዋጋ የሚታደል፣ አሠራሩ ለሁሉም የተገለጠ፣ ዕውቀቱ ያለው ሁሉ ሊያሻሽለው የሚችል የጋራ ሀብት ነው።

«ሥዕሉ ካማረ መሣሪያው የማንም ቢሆን ምን ገዶን?» የሚሉ አሉ። ክርክሩ ፈጽሞ መሠረት የለውም አይባልም። ብራናውን ፍቆ፣ ቀለሙን በጥብጦ፣ ብርዑን ከመቃ ቀርጾ የሚሠራ ጸሐፊ በነበረበት አገር፣ የቤተ ክርስቲያን ሠዓልያን ከባሕር ማዶ የመጣ ሰማያዊ ቀለምም ተጠቅመዋል። ፍጹም ራስን መቻል ቀድሞም አልነበረም። ይሁን እንጂ ነጋዴው ቀለሙን አንዴ ከሸጠ በኋላ የሠዓሊውን እጅ የማገድ ሥልጣን አልነበረውም። የዛሬው ኪራይ አዲስነቱ በዚህ ላይ ነው።

ከሦስቱ ሌላ አራተኛ መንገድ አለ፤ ይኸውም ያለ ፈቃድ መቅዳት ነው። ድህነት ድርጊቱን ለመረዳት ያስችላል እንጂ ትክክል አያደርገውም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒዩተር ፕሮግራምንም ሥዕልንም በአንድነት ይጠብቃል። ያለ ፈቃድ የተቀዳ ፕሮግራም ለተማሪዎቹ የሚያድል መምህር፣ ነገ የእነርሱ ሥዕል ያለ ፈቃድ ሲባዛ በምን አንደበት ይከራከርላቸዋል?

በሌላ በኩል፣ የጋራውን መሣሪያ ማወደስ ብቻ ተማሪውን መሸንገል ይሆናል። ክሪታም ቢሆን አቅም ያለው ኮምፒዩተርና የማይቋረጥ መብራት ይሻል፤ ብዙ የማስታወቂያ ሥራ ቤቶችም የሚጠይቁት ፎቶሾፕን ነው። ይህን የሚደብቅ መምህር ሌላ በደል ይፈጽማል።

ስለዚህ ፍትሐዊው ቅደም ተከተል ግልጽ ነው። የመጀመሪያው መሥመር ማንም በማይዘጋው መሣሪያ ይሠመር። ኪራዩ ሥራው ሲጠይቅና ገቢው ሲፈቅድ ይምጣ። መሥመርን ማረቅ፣ ብርሃንና ጥላን መለየት፣ ቀለምን ከቀለም ማስማማት ከአንዱ ፕሮግራም ወደ ሌላው ከሠዓሊው ጋር ይሻገራሉ፤ ኪራይም የማይጠየቅባቸው እነዚህ ናቸው።